ከሕመም መድኃኒት ጋር ስለሚወሰዱ ተጨማሪዎች

የተከበራችሁ አባላት፦

ብዙዎቻችሁ ለቆየ ሕመም ከታዘዘላችሁ መድኃኒት ጎን ለጎን የእርድ እንክብል፣ ለመገጣጠሚያ የሚወሰደውን ግሉኮሳሚን ወይም ማግኒዚየም እንደምትወስዱ፣ ለሐኪማችሁ ግን እንደማትናገሩ ከውይይታችን ተረድተናል። ተፈጥሯዊ መባሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የእርድ እንክብል ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው መድኃኒት ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል፤ ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ ደግሞ ከሕመም ማስታገሻው ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል መጠን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

በተለይ እንድታስተውሉት የምንፈልገው ቫይታሚን ቢ6ን ነው። ለነርቭ ሕመም ይጠቅማል ተብሎ ቢወሰድም፣ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ስለሚጎዳ እግርን ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል፤ ታማሚውም ነባሩ ሕመም የባሰበት መስሎት እንክብሉን ሊጨምር ይችላል። ይኸው ቫይታሚን በበርካታ ምርቶች ውስጥ ስለሚገኝ፣ የየማሸጊያውን ጽሑፍ አንብባችሁ ሚሊግራሙን ደምሩ።

ግሉኮሳሚንን በተመለከተ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት በጉልበት አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ታማሚዎች ላይ በአጠቃላይ ጉልህ ጥቅም አላገኘበትም፤ ያም ሆኖ ተሻለኝ የሚለውን አባል አቁም ለማለት አይደለም።

በቀጣዩ ቀጠሯችሁ የምትወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ቅረቡ፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃችሁም አስቀድማችሁ አሳውቁ።