ኒውክለስ ስለሌለው ሕዋስ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰብስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። በጣም ተጠፋፋን። ሰሞኑን ስለ ባክቴሪያ ሳነብ ያ የድሮ ክርክራችን መጣብኝ። «ኒውክለስ የሕዋስ አዛዥ ከሆነ ባክቴሪያ ያለ አዛዥ እንዴት ይኖራል?» ትለኝ ነበር።

ትእዛዙ የተጻፈው ዲኤንኤው ላይ ነው። ኒውክለስ ማደሪያው ነው። ቀይ የደም ሕዋሳችንን ተመልከት፤ ሲበስል ኒውክለሱን ያስወጣል። ዲኤንኤውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ መከፋፈል የለም፤ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ያበቃለታል። ባክቴሪያ ግን ዲኤንኤው አለ። ሽፋን ሳይከበው ኒውክሊዮይድ በሚባል ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጣል። አሰባሰቡ ደግሞ ይገርማል! ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ 2 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሁለት ሺኛ) ያህል ብቻ ይረዝማል። ዲኤንኤው ቢዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተጠማዝዞ፣ ተጣጥፎ፣ በፕሮቲኖች ተይዞ ይገባል።

መማሪያ መጻሕፍት «ኒውክለስ የለውም» ብለው ብቻ ሲያልፉት ይከፋኛል። የሌለውን ነግረውን ያለውን ይተዉታል። ያለው ፍጥነት ነው። በእኛ ሕዋስ የዲኤንኤው መልእክት ወደ አርኤንኤ፣ ማለትም ወደ መልእክት አድራሹ ቅጂ፣ የሚቀዳው ኒውክለስ ውስጥ ነው። እዚያው የማያስፈልገው ተቆርጦ ይወጣለታል። ከዚያ በኒውክለሱ ሽፋን ቀዳዳዎች አልፎ ፕሮቲን ወደሚሠሩት ራይቦዞሞች ይደርሳል። ባክቴሪያ ውስጥ የሚያግድ ነገር የለም። አርኤንኤው ገና እየተቀዳ ራይቦዞሞቹ ይይዙትና ሥራ ይጀምራሉ። ደብዳቤው ተጽፎ ሳያልቅ ይነበባል በለው። ለዚህ ነው ኢ. ኮላይ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር ሲያገኝ የሚሰባብርበትን ኢንዛይም በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት የሚጀምረው።

እኔን ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን መከፋፈሉ ነው። ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። ዲኤንኤውን ገልብጦ ለመጨረስ ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እንዴት ይሆናል? የመጀመሪያው ቅጂ ሳያልቅ ቀጣዩን ይጀምራል። ገና ያልተወለደው የልጅ ልጅ ዲኤንኤ ከአሁኑ እየተገለበጠ ነው!

ኒውክለስ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። መልእክቱ ተቆራርጦ የሚቀጠልበት ጊዜ ስለሚሰጥ ከአንድ ጂን የተለያዩ ፕሮቲኖች ይወጣሉ። እኛ በዚያ ብዙ አትርፈናል። «ያለ ኒውክለስ ሕይወት ጎዶሎ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም።

አንተ እንደማትለቀኝ አውቃለሁ። እስኪ መከራከሪያህን ጽፈህ ላክልኝ፤ የቤቱንም ወሬ አትንፈገኝ።

ያንተው ወዳጅ