ጉሮሮሽም ደምሽም አንድ ጉዳይ ነው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ደረቅ ምግብ ጉሮሮሽ ላይ እየቆመ፣ ለስላሳውን እየመረጥሽ ዝም ማለትሽን አልወደድኩትም። ደም ማነስ እንዳለብሽ እየታወቀ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ልክ አይደለም። ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረት ለረጅም ጊዜ ሲያንስ ከማንቁርት በስተኋላ፣ የምግብ ቧንቧው መጀመሪያ ላይ፣ ስስ ሽፋን ወጥቶ መተላለፊያውን ሊያጠበው ይችላል። ፕለመር ቪንሰን ሲንድረም ይባላል፤ ይበልጥ የሚታየውም በሴቶች ላይ ነው። ሥጋና ዳቦ ይቆማል፣ ውሃ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። የከንፈርሽ ዳር መሰንጠቁና የምላስሽ ማቃጠልም ከብረት እጥረቱ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ ከሄሞግሎቢን (የደም መጠኑ) ሌላ ፌሪቲን (የብረት ክምችቱ) እንዲታይልሽ ጠይቂ። ምግቡ የሚቆምበትን ቦታም በጣትሽ አሳዪ። ሽፋኑ በጣም ስስ ስለሆነ ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባው ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ሳያየው ሊያልፍ፣ ወይም ሲገባ ሊቀደው ይችላል (መቀደዱስ መንገዱን ስለሚከፍት ባልከፋ!)። ባሪየም የሚባል በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ ጠጥተሽ በጎን በኩል የሚነሳ ራጅ ግን ጥሩ አድርጎ ያሳየዋል።

አሁን ወደ ብረቱ። አንድ የፌረስ ሰልፌት ክኒን በአብዛኛው ከ60 እስከ 65 ሚሊግራም ብረት ይይዛል፤ በቀን አንዴ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይበቃል። ደራርበሽ ብትወስጂ ሰውነት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አውጥቶ ቀጣዩን እንዳይመጠጥ ያግደዋል፤ ትርፉ ሆድ ድርቀት ነው። በባዶ ሆድ ውሰጂው፤ ከሻይ፣ ከቡና፣ ከወተትና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ክኒኑ ጠባቡ ቦታ ላይ ከቀረ ያቆስላልና ሽሮፕ እንዲያዙልሽ ንገሪያቸው። ሽሮፑ ጥርስ ስለሚያጠቁር በስትሮ ጠጪና ተጉመጥመጪ። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ደም ሊሆን ይችላል።

ሄሞግሎቢንሽ ሲስተካከል እንዳታቆሚው፤ ክምችቱ እስኪሞላ 3 ወር ያህል ይቀጥላል። ብረቱ ብቻውን ካልከፈተው በኢንዶስኮፒ ያሰፉታል።

ብረቱ ከደም ጋር የት እንደሚፈስም ይፈለግ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚጠረጠረው የጨጓራና የአንጀት መድማት ነው፤ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ጨጓራን ሊያደማ ስለሚችል የምትውጪያቸውን በሙሉ ይዘሽ ሂጂ። ፕለመር ቪንሰን ያለበት ሰው ላይ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ዕድል ከፍ ስለሚል፣ ቢሻልሽም ክትትሉ አይቋረጥ። ፈሳሽም መቆም ከጀመረ ወይም ክብደትሽ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ልጅሽ