ልጄ ሆይ፣ ወደ በረሃው ከመሄድሽ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ እዚህ ደላንታ፣ ወገል ጤና ከተማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። በመጪው ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር ከሎስ አንጀለስ ተነሥታችሁ ጆሹዋ ትሪ በሚባለው በረሃማ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሎስት ሆርስ የተሰኘውን የተተወ የወርቅ ማውጫ የሚያልፈውን የዙር መንገድ በእግር እንደምትሄዱ ስለ ነገርሽኝ፣ ስለ ስፍራው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትሁ። መሄድሽ ደስ ይለኛል። ዙሩ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ርቀቱን አልፈራውም፤ የምፈራው ውኃ ጥሙንና ጉድጓዱን ነው።

የደላንታ ሰው ወደ በሽሎ ቆላ ሲወርድ ፀሐይ ሳይወጣ ይነሣል፤ ቢጠማውም ከታች ወንዙ አለ፣ በየመንደሩም መንገደኛን ውኃ የሚነፍግ ቤት የለም። እናንተ በምትሄዱበት መንገድ ላይ ግን የሚጠጣ ውኃ ፈጽሞ አይገኝም፤ በፓርኩ በአብዛኛው ቦታ ስልክም አይሠራም። የፓርኩ አስተዳደር ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያህል፣ ጉዞው ከበድ ካለ ደግሞ እጥፉን መያዝ ይመክራልና ከዚያ አታጉድሉ። በአጭሩ በኩል ከጀመራችሁ ማውጫው ከመነሻው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ስትደርሱ የቀረውን ውኃ ተያዩ። በመጣችሁበት መመለስ ቅርብ ሲሆን፣ ዙሩን ለመጨረስ ግን ገና 7 ኪሎ ሜትር ይቀራችኋል፤ ስለዚህ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው፤ ካለፋችሁት በኋላ መወሰን ዋጋ የለውም።

ማውጫው እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1931 ከ10 ሺህ አውንስ በላይ ወርቅ፣ ማለትም ከ300 ኪሎ የማያንስ፣ እንዲሁም 16 ሺህ አውንስ ብር እንደ ወጣበት አንብቤአለሁ። ዐለቱን የሚወቅጠው ዐሥር የብረት ዘነዘና ያለው መፍጫ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ዱቄቱ ከሜርኩሪ ጋር እየተቀላቀለ ወርቁ ይለይ ነበር። መፍጫው የሚሠራው በእንፋሎት ሞተር ስለነበረ፣ ለማገዶ ሲባል በዙሪያው የነበረው ጥድና ሌላው ዛፍ ተጨፍጭፎ አለቀ፤ ተራራው እስከ ዛሬ አላገገመም ይባላል። እኛ ወሎዬዎች ተራራ ሲራቆት ምን እንደሚመስል እናውቃለንና፣ መፍጫውን ካየሽ በኋላ ዞር ብለሽ ኮረብታዎቹንም በደንብ ተመልከቻቸው።

ጉድጓዱን በተመለከተ አጥብቄ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ አጥሩን አልፈሽ አትግቢ፤ በሌላ ኮረብታ ላይ ክፍት ቀዳዳ ብታገኚም አንዲት እርምጃ ወደ ውስጥ አትራመጂ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወረዳችን ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ፣ ወጣቶቻችን በወፍራሙ የእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል ያለውን ቀጭን የኦፓል ንጣፍ ተከትለው ገደሉን ወደ ጎን ሲሰረስሩ አይተሻል። አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ ዋሻ አፍ ቆሜ ጣሪያውን በጣቴ ብነካው አመዳማ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ሦስት ልጆች ተንበርክከው በመሮ ይቆፍሩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ናዳ ሰዎችን ዋሻ ውስጥ በዘጋባቸው ጊዜ ሕዝቡ በዶማና በአካፋ ቀናት ሙሉ ሲቆፍር የነበረውን ጭንቀት መቼም አልረሳውም። ገና ትናንት የተቆፈረ ዋሻ እንዲህ ከሆነ፣ ሰው ትቶት ከሄደ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ የድጋፍ እንጨቱ የበሰበሰ ጉድጓድ ምን ሊሆን እንደሚችል አንቺው አስቢው። አየሩም ሲታመቅ ኦክሲጅን ያንሰዋል፤ ጨለማው ወለሉ ላይ ያለውን ቁልቁል ጉድጓድ ይሸፍነዋል፤ እባብም ሙቀቱን ሸሽቶ የሚገባው እዚያው ነው። ጓደኞችሽ «ፎቶ ብቻ እንነሣ» ቢሉሽ ከውጭ ሆነሽ አንሺያቸው እንጂ አብረሽ አትግቢ።

አርብ ማታ የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ጽፈሽ፣ አብራችሁ ለማትሄደው ለክፍል ጓደኛሽ ስጫት፤ ካለፈ ለማን እንደምትደውልም ንገሪያት። ከበረሃው ወጥተሽ ስልክሽ መሥራት ሲጀምር በእኛ ሌሊት ቢሆንም ደውዪልኝ፤ እናትሽም እኔም ነቅተን እንጠብቃለን።

አባትሽ