ይድረስ ለጋሼ፣ ስለ ቆሎና ስለ ቡታጋዙ

ይድረስ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን። (እንዲህ ብዬ ካልጀመርኩ ደብዳቤ አይመስልዎትም።) በስልክ ሲሆን «ደህና ነኝ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ፊደሉን አተልቄዋለሁ። የሚያደርስልዎት ሰው መድኃኒቱንና ሁለት ሹራብ ይዟል። ግራጫው የእርስዎ ነው፤ ለሰው እንዳይሰጡት።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ናሆም በቁመት በልጦኛል። ሶልያና እኔን በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ውሻውን ግን በአማርኛ ብቻ ታዘዋለች። «ና!» «ተው!» «አንተ ሆዳም!» ትለዋለች። በእሱ ምክንያት አማርኛዋ አልጠፋም።

ቆሎን ማለቴ ነው። ይኸው ፊትዎ ሲጠቁር ታየኝ። ሥዕለ አድኅኖው ያለበት ክፍል አይገባም፣ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ለንስሐ አባቴም ተናግሬያለሁ። ሶፋ ላይ ግን ይወጣል፤ አልዋሽዎትም።

ዘሩን እርስዎም ያውቁታል። ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ፣ ኤርፖርት ውስጥ ልብስ የለበሰች ትንሽ ውሻ ሻንጣዎ አጠገብ መጥታ ቁጭ ያለችው ትዝ ይልዎታል? አልጮኸች፣ አልነከሰች፣ ቁጭ ብቻ። እማዬ ያደረቀችው ቋንጣ ከነፌስታሉ ተወሰደ። «በውሻ ተፈትሼ ልጄ ቤት ልግባ?» ብለው ሁለት ቀን አኮረፉ። ያቺ ቢግል ነበረች። በፈረንጆቹ ከ1984 ጀምሮ በዚህ አገር ኤርፖርቶች ሥጋና ፍራፍሬ ያስይዛሉ። ትንሽ ስለሆኑ ሰው አይፈራቸውም። ሆዳም ስለሆኑ ደግሞ ለአንዲት ጉርሻ ሲሉ ቀኑን ሙሉ ያነፈንፋሉ።

ቆሎ ለዚያ ማዕረግ አልታደለም። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኩምበርላንድ የሚባል ገጠር ውስጥ፣ ለቤተ ሙከራ የሚሸጡ ውሾች የሚያረባ ድርጅት ነበር። በ2022 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቢግሎች ወጡና ለሰው ታደሉ። አንዱ ለእኛ ደረሰን። ጆሮው ውስጥ ቁጥር ተነቅሷል። የመጣ ቀን ሣር ላይ ብናቆመው አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ። ሣር ረግጦ አያውቅም ነበር።

አሁን የቤቱ ጌታ ሆኗል። አፍንጫው መሬት ከነካ ጆሮው አይሰማም። ጥንቸል ያለፈችበትን ካገኘ ናሆምን እንኳ ጎትቶ ይወስደዋል። ያለ ማሰሪያ አንድ ጊዜ ለቀነው ሦስት ሰዓት ፈልገነዋል። ብቻውን ስንተወው ያላዝናል፤ ጎረቤት በራችን ላይ ወረቀት ለጥፏል። ያ የተንጠለጠለ ጆሮው ውስጡ አየር ስለማያገኝ ቶሎ ይቆስላል። በየሳምንቱ እጠርግለታለሁ። ጥጋብ የሚባል አያውቅም፣ ምግቡን በስኒ ለክቼ ነው የምሰጠው።

ለፋሲካማ ጉድ ሠራን። እንግዳ ልሸኝ ወጣ ስል ወንበር ላይ ወጥቶ ግማሽ ድስት ዶሮ ወጥ ጨረሰ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ። ቀይ የደም ሴሉን ያፈርስበታል። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ሌላ ምን አለው? የሐበሻ ቀሚሴን እንደለበስኩ ሐኪም ዘንድ ወስጄ እንዲያስታውክ አስደረግሁት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ድዱ ነጣ እንዴ እያልኩ ከንፈሩን ስገልብ ሰነበትኩ።

ቡቺ ዕድሜውን ሙሉ የወጥ ትርፍራፊ ሲበላ ነው የኖረው። ምንም አልሆነም። ወይም ሲሆን አላየንም።

ስለ ቡቺ ልጽፍ አላሰብኩም ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ሌባ ወስዶት ነው» አሉኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከምሳ ዕቃዬ ግማሽ ዳቦ እያስቀረሁ፣ በሩ ላይ ተቀምጬ እስከ ገና ጠበቅሁት። እርስዎ በየማታው በአጠገቤ አልፈው ይገቡ ነበር። «ብርድ ነው፣ ግቢ» ይሉኛል። ጎረቤት ተቆጥቶ እንደነበር፣ ሌላ መላ እንዳጡ አንድ ቀን ቆም ብለው ቢነግሩኝ እረዳዎት ነበር። ባልረዳዎት እንኳ መጠበቄን እተው ነበር።

ባለፈው ወር፣ እሑድ፣ «ውሻው እንዴት ነው?» አሉኝ። ስለ ቆሎ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ጠይቀውኝ አያውቁም። ደህና ነው አልኩዎት። «ከሆለታ በእግሩ ተመለሰ? አይሱዙው ላይ ስጭነው እኮ እጄን ይልስ ነበር» አሉኝ። ዝም አልኩ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎዎት «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለው ዘጉት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

31 ዓመት የጠበቅሁትን ነገር ሰምቼ መናደድ አቃተኝ፣ ጋሼ። ፍርሃቱ ቀደመኝ።

ሰናይት የወተቱን ነገር ነግራኛለች። ድስቱ ከሰል እስኪሆን አጠገቡ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ሲያነቡ ነው ያገኘችዎት። ቡናውም ሽታ የለውም እያሉ ሦስተኛ ባለሱቅ ቀይረዋል አሉ። ባለሱቆቹ ምንም አላጠፉም። የቆሎ አፍንጫ ሽታ የሚቀበሉ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሴሎች አሉት ይባላል፤ የእኛ 5 ሚሊዮን ገደማ ቢሆን ነው። ከዚያችም ላይ ዕድሜ ይወስዳል፣ ጉንፋን ይወስዳል፣ ኮሮናም ስንቱን ወስዷል። ሌላም የሚወስድ አለ። መጀመሪያ ሽታ ይሄድና ሌላው ቀስ እያለ ይከተላል። ስሙን አልጽፈውም። ሐኪሙ ነው ይበል፣ ወይም አይደለም ይበል።

ማክሰኞ ሰናይት ትወስድዎታለች። ተከፍሏል፤ ስለዚህ «ገንዘብ ማባከን» የሚለው አይሠራም። የሽታውን ነገር ለሐኪሙ ራስዎ ይንገሩት፣ እሷ እርስዎ ፊት ታፍራለች። እስከዚያ ቡታጋዙን እንዳይነኩት፣ በእማዬ አጥንት ይዤዎታለሁ። ሲሊንደሩ ቢያፈስ አይሸትዎትም። የኤሌክትሪክ ምድጃ መግዣ ልኬላታለሁ። መብራት ከጠፋ ጎረቤት ቡና አያጡም።

ደግሞ ቅር እንዳይልዎት። የውሻ ጆሮ በየሳምንቱ እየጠረግሁ የአባቴን ጤና በሰው አፍ መስማቴ እኔንም ያሳፍረኛል። ለገና እመጣለሁ፣ ትኬት እያየሁ ነው።

እሑድ እደውላለሁ። ስለ ውሻው ከጠየቁኝ የቱን ማለትዎ እንደሆነ አልጠይቅዎትም። ደህና ነው እልዎታለሁ።

ልጅዎ