ፓርኩ ዳር ያሉ ቤቶች፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ትልሻለች። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ለምታደርጊው ጥናት ያዘጋጀሽው መጠይቅ ደርሶኝ አነበብኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ ይውጣ። «ፓርኩ ጠቅሞዎታል ወይስ ጎድቶዎታል?» ብለሽ ስትጠይቂ፣ ገበሬው ደብተር ይዞ ለመጣ እንግዳ «ጠቅሞናል፣ ልማት ነው» ይልና ቡና ያስፈላልሻል። ወሎ እንግዳ አያሳፍርም፤ አንቺ ግን ምንም ሳትይዢ ትመለሻለሽ። ጥቅሙና ጉዳቱ የሚያርፈው በተለያየ ሰው ላይ፣ በተለያየ ወር ነው። ጫካው ተጠብቆ ምንጩ በበጋ ባለመድረቁ የሚጠቀመው ታች ወንዙን ተከትሎ መስኖ የሚያለማው ሲሆን፣ በጉ የተበላበት ደግሞ ላይ ጫካው ጥግ ያለው ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ ሁሉ በዚህ ይመራ፦ በዚህ ቤት ማን፣ በየትኛው ወር፣ ምን አጣ? ምን አገኘ?

ናሙናሽን በቀበሌ ብቻ አትክፈይው። ፓርኩ ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 3,700 ሜትር የሚወጣ ነው። ታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታና አሜጃ፣ ጫፉ ላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ ነው። ታች ያለው ሰው ከጫካው የሚያጣው እንጨት ነው፤ ላይ ያለው የሚያጣው ሣርና ግጦሽ ነው። በከፍታ ከከፈልሽ በኋላ ከድንበሩ ባለው ርቀት ክፈዪ፦ እስከ 1 ኪሎ ሜትር፣ ከ1 እስከ 3፣ ከ3 በላይ። የአውሬ ጉዳት ከድንበሩ በራቅሽ ቁጥር ቶሎ ይቀንሳልና፣ ሁሉን ደምረሽ አማካይ ካወጣሽ የዓመት ቀለባቸውን ያጡ ጥቂት ቤቶች «መጠነኛ ጉዳት» በሚል ቃል ውስጥ ይጠፋሉ። በዚህ ሥራ ትልቁ በደል የሚፈጸመው በአማካይ ነው።

ስለ ማገዶ አንድ ጥያቄ ብቻ ማስገባትሽ አልበቃኝም፤ ብዙው ነገር ያለው እዚያ ነው። ጥያቄውን ለአባወራው አታቅርቢው፤ እንጨት የሚሸከመው እሱ አይደለም። ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ምድጃው አጠገብ ጠይቂ። የሚንጠለጠል ሚዛን ያዢና ሸክሙን ራስሽ መዝኚ፤ የአንዲት ሴት ሸክም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ከየት እንደመጣ፣ ደርሶ መልሱ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ስንት ቀን እንዳነደደ ጻፊ። ከዚያ ስለ ኩበት ጠይቂ። ጫካው ሲዘጋ እንጨቱን የሚተካው ኩበት ነው፤ ኩበት ወደ ምድጃ ሲገባ ማሳው ፍግ ያጣል፤ ፍግ ያጣ መሬት ገብሱ ይሳሳል፤ ገብሱ የሳሳበት ገበሬ ደግሞ ሽቅብ ተዳፋቱን፣ ማለትም ወደ ፓርኩ ድንበር ማረስ ይጀምራል። ጫካውን ለማዳን የተደረገው ክልከላ በሌላ በር ዞሮ ጫካውን ይገፋዋል ማለት ነው። ይህን ሰንሰለት በቁጥር ያሳየ ሰው የፓርኩ አስተዳደርም የገበሬውም ወዳጅ ነው።

ወሩንም ለይተሽ ጻፊ። ኩበት የሚጠፈጠፈውና የሚደርቀው በበጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን አይደርቅም፤ የቀኑም ቅዝቃዜ በዚያ ወቅት ይበረታል፤ ያጠራቀመችው ካለቀባት ሴት ወደ ጫካው ከመግባት ሌላ መንገድ የላትም። የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ ክረምት ላይ ብዙ ሰው ያዝን ሲሉ ወንጀል በዛ ብለሽ አትጻፊ፤ ኩበት አለቀ ብለሽ ጻፊ። መፍትሔ ብለሽ ያስቀመጥሽው «ምርት» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ጥሩ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ነገር ግን ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው፣ ሲሚንቶው በደንብ ውኃ ሳይጠጣ በጥድፊያ ይታደልና በወሩ ይሰነጠቃል፤ ከተሠራ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ሁለተኛው፣ እሳቱ ስለታፈነ ቤቱን አያሞቅም። ውርጭ ያለበት አገር እሳት ለእንጀራ ብቻ የሚነድ አይደለምና፣ ላይኛው ቀበሌ ያሉ ሴቶች ምድጃውን ትተው ወደ ጉልቻው ቢመለሱ አትፍረጂባቸው። ለእነሱ የሚሻለው የቤታቸው ጓሮ ላይ የሚተከል እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ከሰብሉ ራቅ ይበል፣ ሥሩ እንዳይዘልቅ በመካከል ቦይ ይቆፈር፣ ምንጭ ዳር ፈጽሞ አይተከል።

የሰብል ጉዳትን በአፍ ብቻ አትቀበዪ። ሰው ይዋሻል ብዬ አይደለም፤ አውሬ የገባበት ማሳ ሲታይ ልብ ስለሚሰብር ከሆነው በላይ ይመስላል። በአራት በትር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሪ። ማሳውን በሁለት ሰያፍ አቋርጪና አሥር ቦታ ጣዪው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን አገዳ ሁሉና ከእሱ ውስጥ የተበላውን ቁጠሪ። በአሥሩ ጠቅላላ 1,200 አገዳ ተቆጥሮ 180 ከተበላ፣ ጉዳቱ 15 በመቶ ነው። ዳር ዳሩን ብቻ ከጣልሽ ጉዳቱ ይጋነናል፣ መሐሉን ብቻ ከጣልሽ ያንሳል። ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንዱ እሸት ሲሆን፣ ሌላው አጨዳ ሊጀመር ሲል። ማን እንደበላውም ይለያል። ጭላዳ በመንጋ ቀን ይመጣል፣ ማታ ወደ ገደሉ ይመለሳል፤ ዛላውን በእጁ ነቅሎ አገዳውን ይተዋል። ጃርት ሌሊት ድንቹን ቆፍሮ ያወጣል፣ እሾሁንም ጥሎ ይሄዳል። ድኩላ የባቄላውን ለምለም ጫፍ ይቀነጥሳል። ጥበቃው በዚሁ ይከፈላል፦ ቀን ሕፃናቱ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው፣ ሌሊት ወንዶቹ ማማ ላይ።

ሕፃናቱ የሚከፍሉት በማንም ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ትምህርት ቤት ሂጂና የክፍል ስም መጥሪያውን አስፈቅደሽ እዪ። የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ቀሪዎችን ከድንበሩ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤትና ራቅ ባለው አወዳድሪ፤ በልግ በሚዘራበት ቀበሌ ደግሞ የግንቦትና የሰኔውንም ጨምሪ። ለዱር እንስሳ ጉዳት ካሳ የሚከፈልበት የተዘረጋ ሥርዓት በሌለበት አገር፣ በቁጥር የተያዘ ማስረጃ ብቻ ነው ለእነዚህ ልጆች የሚናገርላቸው።

ስለ ከብቱ አጭር ላድርገው። በግ ወይም ፍየል ሲበላ በዚያው ቀን ይታይ። ነብር ጉሮሮ ላይ የጥርስ ቀዳዳ ይተዋል፣ ጎትቶም ይወስዳል፤ ጅብ አጥንት ሰብሮ ይበላል፤ ተራው ቀበሮ ግልገል ላይ ይበረታል። ዕድሜውን፣ ፆታውንና የዚያን ሳምንት የመካነ ሰላም ገበያ ዋጋ መዝግቢ። የእሾህ አጥር ነብርን አያቆምም፤ የድንጋይ ግድግዳ ሆኖ ጣሪያ የተደረገለት ጋጥ ግን ያቆማል። ቀይ ቀበሮ ስሙ ያለ ጥፋቱ ይነሣል፤ ዋና ምግቡ አይጥ ነው፣ በዓለም ላይ የቀረውም ከ500 በታች ነው። እሱን የሚጨርሰው ከጥይት ይልቅ ከእረኛ ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። «ውሻ አታሳድጉ» የሚል ምክር ሪፖርትሽ ውስጥ እንዳታስገቢ፤ ጅብና ነብር ባለበት አገር ውሻ የሌለው ሰው በግ የለውም። የሚያዋጣው ክትባት ነው። በሽታው እንዳይዛመት ከአሥር ውሻ ሰባቱ በየዓመቱ መከተብ አለበት፤ ይህ ለሰዉም ነው፣ ሕፃን የሚነክሰው ያው ውሻ ነውና።

የጓሳ ሣሩን በተመለከተ ከሌላው አካባቢ ልምድ ውሰጂ። መንዝ ጓሳ ላይ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ ቦታውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋዋል፣ ከዚያ ለሁሉም ይከፍተዋል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም በኋላ ሕዝቡ በመተዳደሪያ ደንብ አቋቁሞታል። እዚሁ ወሎ ላስታ ውስጥ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት የተያዘ ነው። ደንቆሮ ጫካ፣ ማለትም የአንቺው ፓርክ፣ ግን መጀመሪያ የመንግሥት ደን ነበረ፣ በ2001 ዓ.ም. የክልል ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ትእዛዙ ከላይ የመጣ ስለሆነ የሕዝቡ እጅ ዘግይቶ ነው የገባበት። ቢሆንም ዘሩ ከረገፈ በኋላ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በተራ፣ በማጭድ ብቻ እንዲታጨድ መፍቀድ ይቻላል። ከብት ማስገባት ግን ሌላ ነው፤ ከብቱ ቡቃያውን ከሥሩ ይረግጠዋል፣ መጪው ዓመት ሣር አይኖርም።

ድንበሩን ጠይቂ። ችካል ሲተከል ማን ነበር? ሽማግሌዎች በእግር አብረው ዞረዋል ወይስ ካርታው ቢሮ ተሠርቶ መጣ? የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው ገበሬ ማሳው ቢነካ የሚይዘው ወረቀት አለው፤ የወል ግጦሽ ግን በማንም ስም ስላልተጻፈ ሲወሰድ የሚጮህለት የለም። ብዙ ኪሳራ ያለውም እዚያ ነው። ሕጉን ለሕዝቡ የምታነቢለት አንቺ ትሆኛለሽ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ሕዝብ ስለሚነካው ፕሮጀክት እንዲመክር፣ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ተመጣጣኝ ካሳ እንዲያገኝ ይላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ምትክ መሬት ሳያገኝ በቋሚነት የሚፈናቀል ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ካሳ ያገኛል ይላል፤ ለወል ይዞታም ካሳ አለ። ማሻሻያ ስለተደረገበት ዛሬ የጸናውን አንቀጽ ከወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት አረጋግጪ።

«ማስፈር» የሚለውን ቃል ምክረ ሐሳብሽ ውስጥ አየሁት። ከመጻፍሽ በፊት ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ላይ የሆነውን አጥኚ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ ዳር ሰፈረ፤ በ2009 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ዋሊያው ተጠቀመ፣ አገሪቱም ስሟ ከፍ አለ። ገብስ አራሽና በግ አርቢ የነበረ ሰው ግን ከተማ ዳር ገንዘብ ይዞ ሲቀመጥ ገንዘቡ ያልቃል፣ ሙያው አይተካም፣ ልቅሶና ሠርግ የሚያገናኘው ጎረቤትም ይበተናል። እኔ በግድ የሚሆነውን ማስፈር አልደግፍም፤ ሌላው መንገድ ሁሉ ሳይሞከር መጻፍም የለበትም።

ገቢውን በሚመለከት ቱሪስት ይመጣል ብለሽ ተስፋ አትስጪ። የመግቢያ ክፍያ ወደ መንግሥት ካዝና ነው የሚሄደው፤ ሰው ቤት የሚገባው ገንዘብ የስካውት ደመወዝ፣ የአስጎብኚ ክፍያ፣ የበቅሎ ኪራይና የምግብ ሥራ ነው። ይህም በተራ መዝገብ ካልተመራ መንገድ ዳር ያሉ ጥቂት ሰዎች ይይዙታል። በ2012 ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ሲመጣ ላሊበላን ያህል ቦታ ባዶ እንደቀረ አይተናል፤ ከቱሪስት በቀር ሌላ የሌለው ቤት ያኔ ምን በላ? ማር ይሻላል፣ ግን ወይና ደጋው ላይ ብቻ፤ ጫፉ ላይ ብርዱ ንቡን ያዳክመዋል። ቀፎው ከከብት መሄጃ ይራቅ፣ ዋናው ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፣ ለንቡም የሚቀር ማር ይተውለት።

የመጨረሻው ስካውቶቹ ናቸው። የሚቀጠሩት ከዚያው ቀበሌ ነው፣ የሚይዙትም የአክስታቸውን ልጅ ነው። ጎረቤቱን ያስቀጣ ሰው ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ሊያገልለው ይችላል፤ ልቅሶ ሲደርስበት ሰው የማይመጣለት ስካውት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥፋት ያጠፋ ሰው በአስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ በአበጋሮቹ ፊት ታርቆ፣ የቅሬውን ቅጣት ከፍሎ እንዲለቀቅ፣ ደጋሚው ብቻ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ የሚል ሐሳብ አቅርቢ። ከፓርኩ አስተዳደርና ከቅሬ ዳኞች ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ተነጋገሪበት።

ቁጥሩን ሁሉ ከሰበሰብሽ በኋላ ወደ ቢሮ ከመላክሽ በፊት በየመንደሩ ቅሬ ሲሰበሰብ አንብቢላቸው፣ የተሳሳተውንም እንዲያርሙ አድርጊ። የተስተካከለውን መጠይቅ ከመስከረም በፊት ላኪልኝ፤ የእሸቱ ቆጠራ እንዳያመልጥሽ። አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያግዝሽ።

አባትሽ
ከደሴ