ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ማጥፊያውም ይነገር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ኒውክሌር ውህደት፣ በተለምዶ ፊውዥን ስለምንለው የኃይል ምንጭ፣ በጋዜጦቻችን የሚወጡ ጽሑፎችን በጉጉት አነባለሁ። አብዛኞቹ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ስለሚደርሰው የፕላዝማ፣ ማለትም ውህደቱ የሚካሄድበት እጅግ የጋለ ጋዝ፣ ሙቀት ይተርካሉ፤ ፕላዝማውን አቅፈው የሚይዙትን ማግኔቶች ስለሚመግበው የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ሥራው በሙያዬ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ ዝምታው ይቆጨኛል።

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካዳራሽ ላይ በመገንባት ላይ ያለውን ኢተር የተባለ ዓለም አቀፍ የፊውዥን ሙከራ ማብላያ እንውሰድ። ፕላዝማውን የሚከቡት 18 ማግኔቶች 68,000 አምፔር ሲያልፍባቸው 41 ጂጋ ጁል ኃይል ያከማቻሉ፤ ይህም 10 ቶን ገደማ ቲኤንቲ ፈንጂ ከሚለቀው ጋር ይመጣጠናል። ሽቦዎቹ ከፍጹም ዜሮ (ሊኖር ከሚችለው የመጨረሻ ቅዝቃዜ) 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብለው እስከቀዘቀዙ ድረስ ከረንቱን ያለ ተቃውሞ ያሳልፋሉ። አንዲት ቦታ ሞቃ ይህን ጠባይ ካጣች ግን ልትቀልጥ ስለምትችል፣ የተከማቸው ኃይል በፍጥነት ከማግኔቱ ወጥቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጠው ወደሚያባክኑ ሬዚስተሮች መሄድ አለበት።

አደጋውን ማወቁ ራሱ ቀላል አይደለም። ምልክቱ ከአንድ ቮልት ያነሰ ቮልቴጅ ሲሆን፣ በማብላያው መሃል በቆመው ሌላ የማግኔት ጥቅልል ላይ ከረንቱ ሲለዋወጥ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ደግሞ በሺዎች ይቆጠራል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጎረቤት የሆኑ የጥቅልሉን ክፍሎች እያነጻጸሩ የጋራውን ቮልቴጅ ያጣፉታል፣ የቀረውንም ያዳምጣሉ።

ከዚያ የሚቀጥለው ማጥፊያው ነው። በቤታችን ያለው ተለዋዋጭ ከረንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያቋርጥ ማጥፊያው ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ በራሱ ይጠፋል። የ18ቱ ማግኔቶች ከረንት ግን ቀጥታ ነው፤ በራሱ ዜሮን አያቋርጥም። በመሆኑም አስቀድሞ የተሞላ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማከማቻ፣ በማጥፊያው ውስጥ ተቃራኒ ከረንት ለቆ ዜሮውን በግድ ይፈጥራል፤ ይህ ካልሠራ በፈንጂ የሚበጠስ ሌላ መቁረጫ በመጠባበቂያነት ተቀምጧል። ቶሎ ከተቆረጠ ቮልቴጁ አሻቅቦ የሽቦውን መከላከያ ሽፋን ይበሳል፤ ከዘገየ ሽቦው ይግላል። በእኔ እምነት የንድፉ ጥበብ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል በተመረጠችው ጠባብ ልክ ላይ ነው።

ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ሱስዋ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀጥታ ከረንት የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ ይህ ዕውቀት ለአገራችን ባለሙያዎችም ባዕድ አይደለም። ስለ ፊውዥን በምታትሙት ቀጣይ ጽሑፍ ላይ፣ ከፊዚክስ ምሁራን ጎን የኤሌክትሪክ መሐንዲሶችንም እንድታነጋግሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ