ራስሽን ሳታደርቂ እንዳትወጪ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ወንድምሽም ደህና ነው፣ መኪናውን ግን አሁንም አላሠራውም።

ትናንት የአክስትሽ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ ስልኩን ከፍቶ ፎቶሽን አሳየኝ። ራስሽ ላይ ኮፍያ፣ ከኮፍያው ሽቦው እንደ ሙጃ በቅሎ። ቡና እየቀዳሁ ነበር፣ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። እሱ ይስቃል። «አክስቴ አብሽሪ፣ ሥራዋ እኮ ነው» ይለኛል። ሥራሽ ከሆነ ለእሱ ልከሽ ለእኔ የደበቅሽው ለምንድን ነው?

ማታ ደውለሽ ስታስረጂኝ ገባኝ። ኮፍያው ወደ ራስሽ ኤሌክትሪክ አይልክም፣ የሚያዳምጥ ብቻ ነው። የሚያዳምጠውም በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ የአእምሮ ኤሌክትሪክ ነው። አንዲት የባትሪ ድንጋይ እንኳ 1.5 ቮልት አላት፣ እንግዲህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አሰብኩት። ጥሩ። ስለ ኤሌክትሪኩ አልጨነቅም። የምጨነቀው ኮፍያው ስር ስለሚቀባው ጄል ነው። ጸጉር ውስጥ ይገባል፣ ካልታጠበ አይለቅም አላልሽም? እንግዲያው ስሚኝ፣ ራስሽን ሳታደርቂ እንዳትወጪ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ብርድ አውቃለሁ እንዳትይኝ። ጦሳ ጉሙን በለቀቀብን ቁጥር ሳይነስሽ ተነስቶ፣ በሐረጎ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ አክስትሽ ጋ ሙቀት ላይ የምናሳርፍሽ ተረሳሽ?

የዚያን የጀርመን ሐኪም ታሪክ ግን ወድጄዋለሁ፣ የሃንስ በርገርን። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ ከፈረስ ወድቆ የመድፍ መንኮራኩር ሊጨፈልቀው ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ቀን ከአባቱ ቴሌግራም መጣ፣ ደህና ነህ ወይ የሚል። ለካ እህቱ፣ አንድ ነገር ሆኗል ብላ አባቷን ወጥራ ይዛ ኖሯል። እኔን ይሄ አይገርመኝም። ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፍ ነስተሽኝ አድረሽ፣ በማግስቱ ጉንፋን ይዞኛል አላልሽም? ሰውዬው ልብ ለልብ እንዴት እንደሚነጋገር ሲፈልግ እሱን አላገኘም። ግን እ.ኤ.አ. በ1924 የና ከተማ ውስጥ የሰውን አእምሮ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዳ። ሰው አንዱን ፍለጋ ወጥቶ ሌላ ይዞ ይገባል።

የካልሲውንም ለጎረቤት ሁሉ አወራሁት። ተመራማሪዎቹ ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት፣ ትኩስ ዳቦውን ካልሲ ቀባው የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት። «ካልሲ» የምትለዋ ቃል በመጣች በ400 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ፣ የአእምሮ ሞገድ ከሌላው ጊዜ ይለያል። አንዱን ብቻ ቢያዩት አይለይም፣ የዓይን ጥቅሻ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ብዙ ዓረፍተ ነገር እያሰሙ አማካዩን ማውጣት ነው አልሽኝ። እኔ ደግሞ የማስበው ሌላ ነው። ቡናው ላይ ጨው ጨመረበት ብትዪው የከተማው ሰው ይደነግጣል፣ በጨው ሲጠጣ ያደገው ግን ምን ብሎ ይደነግጣል? ዓረፍተ ነገሮቹን ስታዘጋጂ ሰሚው የት እንዳደገ መጀመሪያ ጠይቂ። ፓስፖርትሽ የሚያበቃበትን ቀንም እዪ፣ ያለፈው ጊዜ ያስለቀስሽኝ ይበቃል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰሞኑን ስለዚያ የፓሪስ በሽተኛ ስታወሪኝ ዝም ያልኩት መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1861 ሐኪሙ ብሮካ ያየው፣ «ታን» ከማለት በቀር ቃል የሌለው፣ የሚሉትን ግን የሚሰማው ሰውዬ።

አባዬን ስትሮክ ሲመታው አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር። ቀኝ ጎኑ ዛለ፣ አፉ ተያዘ። አንድ ቃል ብቻ ቀረው፣ ገና። ውሃ ስንሰጠው ገና፣ ስናገላብጠው ገና። ይሰፋባት የነበረችው ሲንጀሯ ከአልጋው ትይዩ መስኮቱ ስር ነበረች። ግራ እግሩ ከብርድ ልብሱ ስር ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግራ እጁ ደግሞ የጋቢውን ጠርዝ ቀስ እያደረገ ወደፊት ይገፋል፣ ልክ ጨርቅ ለመርፌ እንደሚያቀብል። እኛ የበሽታው ነው አልን።

ታኅሣሥ ላይ አጎትሽ ለሲንጀሯ ገዢ ይዞ መጣ። እዚያው አልጋው አጠገብ ዋጋ ተነጋገርን። ድምፃችንን እንኳ ዝቅ አላደረግንም። «እሱ እንደሁ አይሰማም» ያልኩት እኔ ነኝ። ይሄኔ አባዬ ከአልጋው «ገና» አለ። አጎትሽ ሳቀ። «አየሽ፣ ለገና በግ ግዙበት እያለ ነው» አለ። ሰዎቹም ሳቁ። እኔም «አዎ፣ በዓሉን ነው» አልኩ።

ልጄ፣ ላልቶ ነው የሰማሁት። ጠብቆ ቢሆን በዓሉ ነው፣ ላልቶ ከሆነ ግን ጊዜው አልደረሰም፣ ቆዩ ነው። ጠዋት ክፍል ገብቼ ይጠብቃል ይላላል ሳስተምር የዋልኩ ሴት፣ ላልቶ ሰምቼ አጥብቄ ተረጎምኩት። ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር። ሲንጀሯን በበሩ ሲያወጧት እግሩ ቆመ። ከዚያ በኋላ ተንቀሳቅሶ አላየሁትም።

ፋሲካን አልደረሰም። ይህን ለአባትሽም በቅጡ ነግሬው አላውቅ።

እና የፊንላንዱ ተመራማሪ ነአታነን ያገኘው ነገር፣ አንድ ድምፅ ሲደጋገም ቆይቶ ለወጥ ያለ ሲመጣ ሰውየው ልቡ ሌላ ቦታ ቢሆንም አእምሮው ቶሎ ያውቀዋል ያልሽኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጆሮዬ ሲያንቃጭል አደረ። መልስ ሳይጠየቅ፣ ቁልፍ ተጫን ሳይባል። አባዬ ራስ ላይ ያ ኮፍያ ቢኖር ብዬ አሰብኩ። ደግሞ እኔ ራስ ላይ ቢኖርስ? መስማቴን ያሳይብኝ ነበር።

በርበሬው ተፈጭቷል፣ በሚመጣው ሰው እልካለሁ። ሽሮውን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪው፣ ይሻግታል። ገንዘብ አጥሮሽ ከሆነ ለወንድምሽ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ። ኮፍያውን ያደረግሽ ቀን ደግሞ ቸኩዬ ነው አይባልም፣ ማድረቂያ ከሌለ ፎጣ ጠምጥመሽ እዚያው ቁጭ በይ። ራስሽን ሳታደርቂ እንዳትወጪ።

ለሙከራሽ የአማርኛ ቃል ከፈለግሽ «ገና»ን አስገቢ፣ ሁለቱንም። የእኔ ድምፅ ይሆንሽ እንደሆነ በስልክ ቀድቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል። የላላውን ግን ደጋግሜ መቅዳቴ አይቀርም፣ እስኪሆንልኝ ታገሺኝ።

እናትሽ፣ ከደሴ